ቢቲ20ኤ አምፕና ሶኒ ሲኤስ5 ስፒከር፦ ለድሬ ሳሎን ይበቃሉ?

መልሱን ለሚቸኩል እናስቀድም። የፎሲ ኦዲዮ ቢቲ20ኤ አምፕሊፋየርና የሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ5 ስፒከር የሚስማሙ ጥንድ ናቸው። ሐረር ጁገል ውስጥ ላለ ቤት ከበቂ በላይ ድምፅ ይሰጣሉ። ድሬዳዋ ላይ እስከ 20 ካሬ ሜትር ለሚደርስ ክፍል ይበቃሉ፤ ከዚያ ለሚሰፋ፣ ወለሉ ሴራሚክ ለሆነና ቀኑን ሙሉ ፋን ለሚዞርበት ሳሎን ግን አቅማቸው ጫፍ ይደርሳል። ሠርግና ልደት ለማድመቅ ከሆነ ጨርሶ አትግዟቸው። እዚህ ፍርድ ላይ ያደረሰን ስሌት ቀላል ነው፤ ሌላ አምፕና ሌላ ስፒከር ስታጣምሩም ያው ስሌት ይሠራላችኋል።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ አምፕ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ዋት ነው። «አቦ፣ ይሄኛው አንድ ሺህ ዋት ነው፣ ቆርቆሮህን ያነሳልሃል!» ካርቶኑም ላይ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፏል። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው ነው፤ ሁሉም አምራች የሚስማማበት አለካክ የሌለው፣ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ቁጥር ነው። የሚጠቅመው አርኤምኤስ የሚባለው፣ አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት ነው፤ እሱም በስንት ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ላይ እንደሆነ አብሮ ካልተጻፈ ትርጉም የለውም። መመሪያው ቢጠፋ እንኳ ማንም ሰው ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሊያጣራው ይችላል፦ ከአምፑ ጋር የመጣውን አዳፕተር ገልብጦ ማንበብ ነው።

ቢቲ20ኤ በየጎኑ 100 ዋት ነው ተብሎ ይሸጣል። አብሮት የሚመጣው አዳፕተር 24 ቮልት፣ 4.5 አምፔር ይላል። ሁለቱ ሲባዙ 108 ዋት ነው፤ የግራና የቀኝ ድምር ሙዚቃው በተከታታይ ሲጮህ ከዚህ ሊያልፍ አይችልም። አምፑ ክላስ ዲ ስለሆነ ብክነቱ ትንሽ ነው፣ ከሚወስደው ውስጥ 90 በመቶ ገደማውን ለስፒከር ያደርሳል። ስለዚህ በጎን ከ48 ዋት አይዘልም ማለት ነው፤ እሱም 4 ኦም ስፒከር ላይ። ውስጡ ያለው ቺፕ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲፒኤ3116ዲ2 ነው። የቺፑ ሠሪ ራሱ ለእህት ቺፑ ለቲፒኤ3118ዲ2 የሚሰጠው ቁጥር በ24 ቮልትና በ8 ኦም 30 ዋት በጎን ነው። ንጹሕ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ከ20 እስከ 25 ዋት ብሎ ይያዘው። አምፑን ለማጣጣል አይደለም፤ 25 ንጹሕ ዋት ቤት ውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ብዙ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን ስፒከሩ ነው። ስፒከር ሲገዛ ሁሉም «ስንት ዋት ይችላል?» ይላል፤ መጠየቅ ያለበት ሴንሲቲቪቲው፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ ነው። ሲኤስ5 87 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። ይህ ማለት 2.83 ቮልት ሲሰጠው አንድ ሜትር ርቀት ላይ 87 ዴሲቤል ያወጣል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «አሁን እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው፣ ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር 87 ዴሲቤል የሆነውን ስፒከር በ90 መቀየር የአምፑን ዋት በእጥፍ ከማሳደግ እኩል ነው። ለአምፕ ብዙ ከፍሎ ለስፒከር መሰሰት ኪሳራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው። ቢቲ20ኤ ድምፁ መቆረጥ ከመጀመሩ በፊት 15 ቮልት ያህል ለስፒከሩ ይሰጣል። ይህ ከ2.83 ቮልት በ14.5 ዴሲቤል ይበልጣል፤ 87 ሲደመር 14.5፣ አንድ ሜትር ላይ 101 ዴሲቤል ከፍ ይላል። አድማጩ ሦስት ሜትር ላይ ከተቀመጠ 9.5 ይቀነሳል፣ 92 ይሆናል። ሁለት ስፒከር ስለሆኑ 3 ይጨመራል፦ 95። ይህ የሙዚቃው ጫፍ ነው፣ ከበሮው «ዱም» የሚልበት ቅጽበት። የሙዚቃ አማካይ ድምፅ ከጫፉ ከ12 እስከ 15 ዴሲቤል ዝቅ ስለሚል ያለማቋረጥ የሚሰማው ከ80 እስከ 83 ዴሲቤል ይሆናል። ቤት ውስጥ ጎረቤት ሳያስቀይሙ ለመስማት ከዚህ በላይ የሚፈልግ ጥቂት ነው።

ታዲያ ድሬዳዋ ላይ ለምን ያንሳል? በፋኑ ምክንያት ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የኮርኒሱ ፋን በሙሉ ፍጥነት ይዞራል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ባጃጁ በበሩ ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚሸፍነው የሙዚቃውን ረጋ ያለ ክፍል ነው፤ የክራሩ ጭራ፣ የዑዱ የጣት እንቅስቃሴ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ አብረው ይዋጣሉ። ሰው ሳያውቀው ድምፅ ይጨምራል። 6 ዴሲቤል ብቻ ቢጨምር አምፑ አራት እጥፍ ዋት እንዲያወጣ እየጠየቀው ነው። ማታ ፋን ጠፍቶ በ5 ዋት የሚረካ ቤት ከሰዓት በኋላ 20 ዋት ይፈልጋል፤ የቢቲ20ኤ ንጹሕ አቅም የሚያልቀውም እዚያው ላይ ነው። ሐረር ከፍታው 1,885 ሜትር ገደማ ነው፣ ፋን ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ የጁገል ቤት የድንጋይ ግድግዳም የውጭውን ጫጫታ ይይዛል። ያው ዕቃ እዚያ የሚበቃውና ድሬ የሚጠበው ለዚህ ነው። ፋኑን በሦስት ፋንታ በሁለት ማድረግ ወይም ስፒከሩን አንድ ሜትር ወደ አድማጭ ማቅረብ ሌላ አምፕ ከመግዛት ይቀድማል፤ ከሦስት ሜትር ወደ ሁለት ሜትር መቅረብ ብቻ 3.5 ዴሲቤል ያተርፋል።

አምፕ ሲያንስ የሚመጣው ጉዳት ድምፅ ማነስ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ማዕበል ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ማዕበል በቀጭኑ ድምፅ ክልል ውስጥ ያልነበረ ኃይል ይፈጥራል፣ አማካይ ዋቱም ይጨምራል፤ ያ ሁሉ የሚሄደው ወደ ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሽ ክፍል ነው። ትዊተር በተለመደ ሙዚቃ የሚደርሰው ጥቂት ዋት ነው፣ ጥቅልሉም እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። «100 ዋት የሚችል ስፒከር በ30 ዋት አምፕ እንዴት ይቃጠላል?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። ምልክቱን ጆሮ ያውቀዋል፦ «ሰ» እና «ሸ» ሲሻክሩ፣ ከበሮው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ካርቶን ሲመታ፣ ቁልፉን ወደ ኋላ መልሱ። የቤዙን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ማዞር ደግሞ ይህንኑ ያፋጥናል። በቤዝ ላይ 6 ዴሲቤል መጨመር ማለት እዚያ ክልል ውስጥ አራት እጥፍ ዋት ነው፤ ሲኤስ5 ደግሞ 13 ሴንቲ ሜትር ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ክፍል) ያለው፣ ከ53 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ቁጥር) በታች የማይወርድ ሳጥን ነው። የሌለውን ቤዝ በቁልፍ ማምጣት አይቻልም፤ ሽፋኑ ከልክ በላይ ይወዛወዛል እንጂ።

ወደ ኦም እንለፍ። ሲኤስ5 6 ኦም ነው፣ ቢቲ20ኤ 4፣ 6 እና 8 ኦም በደንብ ይነዳል። 6 ኦም መሆኑ እንዲያውም ይመቸዋል። የዚህ ቺፕ ማጣሪያ ጥቅልል ከስፒከሩ ኦም ጋር አብሮ ስለሚሠራ 8 ኦም ላይ የላይኛው ቀጭን ድምፅ ትንሽ ይነሳል፣ 4 ኦም ላይ ትንሽ ይወርዳል፤ 6 ኦም መሐል ላይ ነው። ጽሑፉ የጠፋበት ስፒከር ከሆነ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ቴስተር የሚያሳየው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ስለሆነ ከስሙ ዝቅ ይላል፦ 8 ኦም የሚባለው ከ5.5 እስከ 7፣ 4 ኦም የሚባለው ከ3 እስከ 3.7 ያሳያል። ምንም ካላሳየ ጥቅልሉ ወይም የውስጥ ሽቦው ተበጥሷል።

ከተበላሸ ሆም ቴአትር የተነቀሉ ትንንሽ ስፒከሮች ገበያ ላይ ሞልተዋል፣ ሰዉም «ጥሩ ዕቃ ነው» ብሎ ይገዛቸዋል። ብዙዎቹ 3 ኦም ናቸው። የቢቲ20ኤ ቺፕ በዚህ አሠራር ከ3.2 ኦም በታች እንዲነዳ አልተሠራም፤ ድምፅ ከፍ ሲል ራሱን እየጠበቀ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ገዢው አምፑ ተበላሸ ብሎ ይመልሰዋል፤ አምፑ ግን ጤነኛ ነው። አንድ ጎን ላይ ሁለት ስፒከር ማሰርም እንዲሁ ነው፦ ሁለት 8 ኦም በትይዩ 4 ይሆናሉ፣ ይሄዳል፤ ሁለት 6 ኦም 3 ይሆናሉ፣ አይሄድም፤ ሁለት 4 ኦም ግን በተከታታይ ብታስሯቸው 8 ስለሚሆኑ ያለ ችግር ይሠራሉ።

አሁን ብዙ አምፕ የሚገድለውን ስህተት በቅርብ እንየው። የድሮ አምፖች ላይ የግራና የቀኝ ጥቁር ማሰሪያ ውስጥ ለውስጥ የተገናኘ ነበር፤ ስለዚህ ግድግዳ ውስጥ ሦስት ሽቦ ብቻ ዘርግቶ ጥቁሩን ለሁለቱ ስፒከር በጋራ መጠቀም ይቻል ነበር። ድሬ ውስጥ ብዙ ቤት የተዘረጋው እንዲሁ ነው። ቢቲ20ኤና በዚህ ቺፕ የሚሠሩ አምፖች ግን በድልድይ የሚነዱ ናቸው፤ ጥቁሩም ማሰሪያ ልክ እንደ ቀዩ ሕያው ነው፣ 12 ቮልት ያህል ዘወትር አለበት። የግራን ጥቁር ከቀኝ ጥቁር ጋር ማገናኘት ሁለት የአምፕ ጫፎችን እርስ በርስ ማጋጨት ነው። ጥቁሩን ከብረት መደርደሪያ ወይም ከሌላ ዕቃ አካል ጋር ማስነካትም ያው ነው። ቺፑ መከላከያ ስላለው አንዳንዴ ይተርፋል፣ አንዳንዴ አይተርፍም። ስለዚህ አራት ሽቦ፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ሁለት። ሽቦ ስትልጡ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አታሳልፉ፣ ክሮቹን አጥብቃችሁ ግመዱ፣ አስራችሁ ስትጨርሱ አንዲት ክር እንኳ ወደ ጎረቤት ማሰሪያ አለመሻገሯን በስልክ መብራት እዩ። ይህ ሁሉ አዳፕተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ነው የሚሠራው።

የሽቦ ውፍረት ላይ ገንዘብ መጣል አያስፈልግም። አምስት ሜትር ለሚርቅ ስፒከር መሄጃና መመለሻው አሥር ሜትር ነው። መዳብ ከሆነ 0.75 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ 0.23 ኦም ያህል፣ 1.5 ሽቦ 0.11፣ 2.5 ሽቦ 0.07 ተቃውሞ አለው። ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እስካልበለጠ፣ ማለትም ለ6 ኦም እስከ 0.3፣ ጆሮ አይለየውም። ስለዚህ ባለ ብዙ ክሩ 1.5 ሽቦ በቂ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነውን ነው፤ ተቃውሞው በግማሽ ገደማ ይጨምራል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይበጠሳል። አንዱን ክር በምላጭ ፍቁት፦ ቀዩ ተልጦ ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም። እሱን መግዛት የግድ ከሆነ 2.5ቱን ውሰዱ።

መብራቱን በተመለከተ ይህ አምፕ ለእኛ አገር ይመቻል። አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚሠራ ከሆነ (ጀርባው ላይ ተጽፏል) ምሽት ላይ ቮልቴጅ ወደ 180 ቢወርድም ለአምፑ ያንኑ 24 ቮልት ይሰጠዋል። በከባድ ትራንስፎርመር የሚሠራው የድሮ ዓይነት አምፕ እንዲህ አይደለም። 220 ወደ 180 ሲወርድ የሚያወጣው ዋት አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ያገለገሉ የጃፓን አምፖች ሲገጥሟችሁ ደግሞ ጀርባቸውን ሳታነቡ እንዳትሰኩ፦ ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120። በቀጥታ 220 ላይ የተሰካ ዕለት ፊዩዙ ቀድሞ ካላዳነው ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ቮልቴጅ አውራጅ ስትገዙ የአምፑን ፍጆታ እጥፍ የሚችል ውሰዱ፤ 250 ዋት የሚል አምፕ 500 ቪኤ አውራጅ ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ሁሉንም ንቀሉ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እስኪረጋ ጠብቁ፤ አደገኛው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ የሚዘለው ቮልቴጅ ነው።

ሙቀት ለቢቲ20ኤ ትልቅ ስጋት አይደለም፣ ክላስ ዲ ስለሆነ። ቺፑ 150 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል፤ ከዚያ በፊት ግን ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ዕድሜያቸው ያጥራል። ከዲኮደር ወይም ከሪሲቨር በላይ አትደርቡት፣ የቡፌው በር ተዘግቶ ውስጥ አይቀመጥ፣ ጥልፍ አታልብሱት። አዳፕተሩንም ከፍራሽ ሥር አውጡት፤ ከአምፑ በላይ የሚግለው እሱ ነው። ክላስ ኤቢ (ከክላስ ዲ ይልቅ ብዙ የሚግል ዓይነት) አምፕ የመረጠ ሰው ከላዩ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተው፣ በድሬ ሙቀት ይህን መዝለል የለበትም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ፤ ለድምፁ ማማር ከሁሉ በላይ ያለው እዚህ ነው። ድሬ ላይ ሙዚቃ የሚሰማው ከሰዓት በኋላ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ መከዳ ተደግፎ ነው። ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለሉ ከ75 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ነው። ስፒከሩ ግን ቡፌ ላይ፣ 120 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁጭ ብሏል። የትዊተር ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን አቅጣጫ አለው፤ ከራስ በላይ ያልፋል፣ ኮርኒሱን መትቶ ደብዝዞ ይመለሳል። ሰው ይህን ሲሰማ ትሬብሉን ያዞራል፣ ሻካራ ይሆናል። ሲኤስ5 ዋናው 2.5 ሴንቲ ሜትር ትዊተርና ከላዩ 1.9 ሴንቲ ሜትር ሱፐር ትዊተር ስላለው ይህ ጉድለት ይበልጥ ይታይበታል። ትዊተሮቹን ከጆሮ ጋር አስተካክሉ፦ ሳጥኑ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝምና ትዊተሮቹ ከላይ ስለሆኑ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዱካ ወይም የብሎኬት መቆሚያ ልክ ይመጣል። የግድ ቡፌ ላይ ይቀመጥ ከተባለ ከኋላው እንጨት አስገብታችሁ ወደ ፊት አዘንብሉት። አድማጩ 2.5 ሜትር ቢርቅና ልዩነቱ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 22 ሴንቲ ሜትር ለሚጠልቀው ሳጥን ከኋላው 3.5 ሴንቲ ሜትር እንጨት ይበቃዋል፤ እንዳይንሸራተት ከፊቱ የጎማ ቁራጭ ጨምሩ። ይህን አድርጎ ያዳመጠ ሰው ሌላ ስፒከር የገዛ ያህል ልዩነት ይሰማል።

የሲኤስ5 የአየር ቀዳዳ ከኋላ ነው። ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ቤዙ ያብጣል፣ ማዕዘን ውስጥ ከገባ ደግሞ ይባስ ይደፈርሳል። ከኋላ ግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎን 60 ያህል ራቅ አድርጉት፤ በሁለቱ መካከል ከ1.8 እስከ 2.2 ሜትር። ቦታ ከሌለ ንጹሕ ካልሲ ጠቅልላችሁ ቀዳዳውን ግማሽ ዝጉት፣ ቤዙ ይሰበሰባል። ክፍሉ ራሱም የሚወደው ኖታ አለው። በ30 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 349 ሜትር ይጓዛል፤ ፊትና ኋላ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 44 ኸርዝን፣ 3 ሜትር የሆነ 58 ኸርዝን ያንኳኳል። ሲኤስ5 44 ላይ ስለማይደርስ 4 ሜትሩ ክፍል ያርፋል፤ 3 ሜትሩ ግን አንዱ የቤዝ ኖታ ከሌሎቹ ተነጥሎ ይጮህበታል። መድኃኒቱ መቀመጫውን ከኋላ ግድግዳ ማላቀቅ ነው፣ 50 ሴንቲ ሜትር እንኳ ልዩነት ያመጣል።

ሴራሚክ ወለልና የተለሰነ ብሎኬት ያለው ሳሎን መሐል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። «ትርርር» የሚል ጭራ ከሰማችሁ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። በስፒከሩና በአድማጩ መካከል ወፍራም ምንጣፍ፣ ከአንዱ ጎን ከባድ መጋረጃ በቂ ነው፤ ሁሉንም ግድግዳ መሸፈን አይገባም፣ ድምፁን ይገድለዋል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያሉት ጣሪያቸው ከፍ ያለ የምድር ባቡር ዘመን ቤቶች ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግራቸው ስፋታቸው ነው፣ ዋት ይበላሉ። ቆርቆሮ ወይም ኮርኒስ የሚንጫጫ ከሆነ ስልክ ላይ የድምፅ ማመንጫ መተግበሪያ ጫኑ፣ በዝግታ ከ40 ወደ 200 ኸርዝ አውጡት፤ የሚንጫጫው ሚስማር ወይም መስታወት በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሆነ ራሱ ይናገራል። የቆርቆሮውን ሚስማር በጎማ ሮንዴላ (ዋሸር) ማጥበቅ፣ መስታወቱን በስቱኮ መያዝ ነው።

የሐረር ጊዲር ጋር (የባህላዊው ቤት ዋና ሳሎን) በዚህ ረገድ የታደለ ነው። ነደባዎቹ (መቀመጫ መደቦቹ) ከፍና ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ምንጣፍና ትራስ ለብሰዋል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት ድምፁን ይበትነዋል፣ ጣሪያው የእንጨት ነው። ባዶ ሳሎን ውስጥ በብዙ ወጪ የሚሠራውን እዚህ ቤቱ በራሱ ይሠራዋል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ስፒከሩ ጣቀት (ግድግዳው ውስጥ ያለ ጎድጓዳ መደርደሪያ) ውስጥ እንዳይገባ። ልኩ የተሠራለት ቢመስልም የኋላ ቀዳዳው ይታፈናል፣ ጎድጓዳውም ቤዙን እንደ እንስራ ያስተጋባዋል። ቦታው የግድ ከሆነ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ዝጉና የስፒከሩን ፊት ከጣቀቱ ጠርዝ ጋር አስተካክሉ። ሁለተኛ፣ ጊዲር ነደባ (ትልቁ መደብ) ላይ የተቀመጠና ዝቅ ያለው ላይ የተቀመጠ ሰው የጆሮ ከፍታቸው ይለያያል፤ ስፒከሩን ለየትኛው እንደምታዘነብሉት ቀድማችሁ ወስኑ። ግድግዳው ላይ ያሉ የብረት ሳህኖች ከኋላቸው ትንሽ ጨርቅ ካልተደረገላቸው አብረው ይዘፍናሉ።

ሌላ ምርጫስ? ሰፊ የድሬ ሳሎን ላለው ያማሃ ኤ-ኤስ301 በ8 ኦም 60 ዋት በጎን ይሰጣል፣ ያውም ሙሉውን የድምፅ ክልል በ0.019 በመቶ መበላሸት ብቻ። በድምፅ ሲተረጎም ከቢቲ20ኤ 3 ዴሲቤል ከፍ ያለ ነው፤ ይህን ያህል ለማግኘት የሚጠየቀው ዋጋ ግን ብዙ እጥፍ ነው። እኛ ብንሆን ቢቲ20ኤን ይዘን 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሆነ ስፒከር እንፈልጋለን፤ ያው 3 ዴሲቤል ከዚያ ይገኛል። ያማሃው የሚያሸንፈው ቴሌቪዥን በኦፕቲካል (በብርሃን ድምፅ በሚያስተላልፍ ገመድ) ለሚያገናኝ፣ ብዙ ግብዓት ለሚፈልግና ንጽሕናውን ለሚሻ ሰው ነው። ቢቲ20ኤ ብሉቱዝና አንድ የአርሲኤ (ቀይና ነጭ መሰኪያ) ግብዓት ብቻ ነው ያለው።

ሲኤስ5 ራሱ እንዴት ነው? የሰው ድምፅ ላይ ጎበዝ ነው፤ መሐሉ ግልጽ ነው፣ ማሲንቆና ዑድ አይደባለቁበትም። ከካሴት የተገለበጡ የድሮ ዘፈኖች ላይ ግን የቴፑን ሹክሹክታ ሳይሸፍን ያወጣዋል፤ ለእነሱ ትሬብሉን ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል። የዘመኑ ከባድ ቤዝ ለሚወድ ብቻውን አይበቃውም።

ያገለገለ ጥንድ ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር አድርጉ። የዉፈሩን ዙሪያ በጣት ጫፍ ንኩ፣ ስፖንጅ ከሆነና ከተፈረፈረ መልሱ፤ ጎማ ከሆነ ብዙ ይቆያል። ሽፋኑን በሁለት አውራ ጣት እኩል በቀስታ ግፉት፣ «ጭርር» ካለ ጥቅልሉ ማግኔቱን እየታከከ ነው። 1.5 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቩን ከቀዩ፣ ኔጌቲቩን ከጥቁሩ ለቅጽበት አስነኩ፤ ሽፋኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፣ ወደ ውስጥ ከገባ አንድ ሰው ከፍቶ ሽቦውን አገላብጦታል። ትዊተሩ ጋ ጆሮ አስጠግታችሁ በትንሽ ድምፅ ስሙ፤ ዝም ካለ ተቃጥሏል።

ቤት አስገብታችሁ ካሰራችሁ በኋላ የመጨረሻዋ ፍተሻ ይህች ናት። ሁለቱን ስፒከር ፊት ለፊት 20 ሴንቲ ሜትር አቀራርቡ፣ ቤዝ ያለው ዘፈን ልቀቁ፣ ከዚያ አምፑን አጥፍታችሁ የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር አቀያይራችሁ እንደገና ስሙ። ቤዙ ወፍሮ የተሰማበት ትክክለኛው ነው፤ እንዲያ እንዳለ ተዉት፣ ስፒከሮቹን ወደ ቦታቸው መልሱ።